የስኳር ሕመም ቁስልና ስቴም ሴል፦ ጥናቱ የት ደረሰ? ሐዋሳ ላይስ ምን ይቻላል?

ቁስል_ክፍል (ክሩን የከፈተች)

«ስቴም ሴል የሚባል መድኃኒት ከተገኘ የሰው እግር ለምን ይቆረጣል?» ሐዋሳ ላይ በየድሬሲንግ ክፍሉ ይህ ይጠየቃል፤ የሚጠይቁትም እውነት አላቸው። መልሱ ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር አያልቅም። ሥራውን የምታውቁ ሁሉ እዚህ ብታዋጡበት ለጠያቂው የምናሳየው ነገር ይኖረናል።

አንድ ልመና አለኝ። ጥናት ስትጠቅሱ «ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቷል» ብላችሁ አትለፉት። የትኛው ሴል ነው? ከማን የተወሰደ? ስንት ሚሊዮን? በየት በኩል ተሰጠ? ምን ዓይነት ቁስል ላይ? ከምን ጋር ተነጻጸረ? እነዚህ ካልተጻፉ መቶኛው ብቻውን ያሳስታል። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጻፍ።

መልክ ላስይዘው። ስቴም ሴል ማለት ተባዝቶ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል መነሻ ሴል ነው። ምርምሩ በሦስት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው ደም ያጠረውን እግር ለማዳን ሴሉን ጡንቻ ውስጥ ወይም ደም ቅዳ ውስጥ መስጠት ነው። ሁለተኛው ሴሉን ቁስሉ ላይና ጠርዙ ላይ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ሴሉን ራሱን ትቶ የሚያመነጨውን ብቻ መውሰድ ነው። ሰው ሦስቱን ቀላቅሎ ስለሚያወራ ነው ክርክሩ ማሰሪያ የማያገኘው።

ቁስሉ ለምን እምቢ እንደሚል ደግሞ እናስታውስ። ነርቭ ስለደነዘዘ ሕመም አይሰማም፤ ያው ቦታ በየእርምጃው ይረገጣል። ደም ሥር ስለጠበበ ኦክስጅን አይደርስም። ቁስሉ ውስጥ ያሉት ማክሮፌጆች (ጀርምና ቆሻሻ የሚበሉ የመከላከያ ሴሎች) ከጠብ ወደ ጥገና መሻገር አቅቷቸው ይቆያሉ፤ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችም አዲሱን ሥጋ ሳይጠና ይበሉታል። ስቴም ሴል በዋናነት የሚነካው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ የደሙን በመጠኑ። እግሩ መረገጡን ግን ፈጽሞ አይነካውም።

---

ሴል_ባህል

ሲስተር ጥሩ ከፍተሽዋል። እኔ ስለ ሴሉ ልጻፍ።

ብዙ ሰው ስቴም ሴል ሲባል ዘር ይመስለዋል፤ ቁስሉ ላይ ተዘርቶ ቆዳ ሆኖ የሚበቅል። ለዚህ ሥራ የሚውሉት ግን እንዲያ አይሠሩም። አብዛኞቹ ሜሰንካይማል ስትሮማል ሴል የሚባሉት ናቸው፤ ከመቅኔ፣ ከሆድ ስብ፣ ከእትብት ወይም ከእንግዴ ልጅ ይወጣሉ። ቁስል ውስጥ ከገቡ በኋላ አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። የሚጠቅሙት በዚያች አጭር ዕድሜ በሚልኩት መልእክት ነው፦ ቪኢጂኤፍ ደም ሥር ይጠራል፣ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 እና ቲኤስጂ-6 ማክሮፌጁን ወደ ጥገና ያዞሩታል። በ1991 «ሜሰንካይማል ስቴም ሴል» የሚለውን ስም ያወጡት አርኖልድ ካፕላን ራሳቸው በ2017 «ይህ ስም ይቀየር፤ መልእክት ሰጪ ሴል እንበለው» ብለው የጻፉት ለዚህ ነው።

መለያው በ2006 በዓለም አቀፉ የሴል ሕክምና ማኅበር ወጥቷል። ሴሉ ፕላስቲክ ላይ መጣበቅ አለበት። ሲዲ ከሚባሉት የሴል ገጽ መለያ ፕሮቲኖች ሲዲ 73፣ ሲዲ 90 እና ሲዲ 105 ቢያንስ 95 በመቶው ላይ መታየት፣ ሲዲ 45፣ ሲዲ 34፣ ሲዲ 14፣ ሲዲ 19 እና ኤችኤልኤ-ዲአር ከ2 በመቶ በላይ አለመታየት አለባቸው። ላብራቶሪ ውስጥ ወደ አጥንት፣ ወደ ስብና ወደ ልምአጥንት መለወጥም ይጠበቅበታል። ችግሩ ተራ የቆዳ ፋይብሮብላስትም (የቆዳን ተያያዥ ሥጋ የሚሠራው ሴል) እነዚያኑ ሲዲዎች ማሳየቱ ነው። ስለዚህ «መለያውን አሟልቷል» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም። አቅሙን የሚለካ ሌላ ምርመራ ይጨመራል፤ ለምሳሌ ከአንድ ሚሊዮን ሴል በ24 ሰዓት ስንት ፒኮግራም ቪኢጂኤፍ ወጣ የሚል። ጥናት ስታነቡ ይህን ፈልጉ። ብዙዎቹ ላይ የለም፤ ውጤታቸው የተለያየበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሌላው ትልቅ ለውጥ ከራስ ሴል ወደ ሌላ ሰው ሴል መሄዱ ነው። መጀመሪያ ላይ ከታማሚው መቅኔ መቅዳት ተመራጭ ነበር፤ ሰውነት አያስወጣውም ተብሎ። ነገር ግን ለዓመታት ስኳር ውስጥ የኖረ ሴል ሰነፍ ነው። ቀስ ብሎ ይባዛል፣ ትንሽ ቪኢጂኤፍ ያመነጫል፣ ወደ ቁስል አይጓዝም። አሁን ከጤነኛ ወጣት ሰጪ አባዝቶ በረዶ ውስጥ ማስቀመጥ እየበዛ ነው። ዕድሜው አጭር ስለሆነ ባዕድ መሆኑ ብዙ አይጎዳም።

---

ደም_ሥር

ስለ መጀመሪያው መንገድ እኔ ልናገር፤ ሰው በጣም የተወናበደው እዚህ ላይ ነውና።

ነገሩ የተጀመረው በ2002 ጃፓን ላይ ነው። የራስን መቅኔ ሞኖኑክሌር ሴል የደም እጥረት ያለበት የባት ጡንቻ ውስጥ ወጉ፤ የቁርጭምጭሚት ግፊትና ሕመም ተሻሻለ ተባለ። ዓለም ተከተለ። ከዚያ በ2015 ከኔዘርላንድስ የዩትረኽት ጥናት ወጣ፦ 160 ሰው፣ ሴሉ በደም ቅዳ በኩል ተደጋግሞ ተሰጠ፣ ለግማሾቹ አስመሳይ ፈሳሽ። በ6 ወር ከቁርጭምጭሚት በላይ የተቆረጠ እግር ሴል ባገኙት 19 በመቶ፣ ባላገኙት 13 በመቶ ነበር። ልዩነቱ በስታትስቲክስ ትርጉም ያለው ባይሆንም ጥቅም አልታየም። ከዚያ በፊት የነበሩት ትንንሽ ጥናቶች ብዙዎቹ አስመሳይ ሕክምና አልነበራቸውም። የቁስል ሕክምና ላይ ደግሞ ጥናት ውስጥ መግባት ብቻውን ያሻሽላል፤ ሰውየው በየሳምንቱ ይታያል፣ ይታጠባል፣ ይመከራል።

በሌላ በኩል በ2011 የታተመ የቻይና ጥናት አለ፦ 41 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ታማሚዎች፣ ሁለቱም እግር ደም ያጠረው፤ አንዱ እግር ሴል፣ ሌላው ሳላይን። ተባዝቶ የተዘጋጀው ሜሰንካይማል ሴል ካልተባዛው የመቅኔ ሴል ይልቅ ቁስል ቶሎ አዳነ፤ ሙሉ በሙሉ ወደ መዳን የደረሰው በ4 ሳምንት ቀድሞ ነው። ስለዚህ የሴሉ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ግን 41 ሰው ነው።

ለሐዋሳ የሚሆነው ትምህርት፦ ሴል የተዘጋ ደም ቅዳ አይከፍትም። ቱቦው ከላይ ተዘግቶ እያለ ቧንቧውን ጫፍ ላይ መጠገን ነው። መጀመሪያ ይለካ። 8 ሜጋኸርዝ የእጅ ዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ)፣ የደም ግፊት መጠቅለያ፣ 10 ደቂቃ ጋደም ማለት። ከእግር ሁለት ደም ቅዳዎች ትልቁን ንባብ ከሁለቱ ክንድ ትልቁ ላይ አካፍሉ። 90 ለ140 ማለት 0.64 ነው፤ ከ0.9 በታች ስለሆነ ጠባብ ነው። ስኳር ላይ ግን ወጥመድ አለ፦ የደም ቅዳው ግድግዳ በካልሲየም ስለሚደድር መጠቅለያው አይጨፈልቀውም፤ ንባቡ 1.4 ወይም ከዚያ በላይ ይወጣና «ጥሩ ነው» ያስብላል። እንዲህ ሲሆን የአውራ ጣት ግፊት ነው የሚታመነው። እሱ ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ ታማሚው በአስቸኳይ ለደም ሥር ምስልና ለመክፈቻ ሕክምና ይላክ። ሴል የሚባለው ወሬ እዚያ ጋ ይቁም።

---

ቁስል_ክፍል

ዶክተር አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን መንገድ ላክልበት፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

በ2007 የቪንሰንት ፋላንጋ ቡድን አሜሪካ ውስጥ የራስን የመቅኔ ሴል አባዝቶ ከፋይብሪን (ደም ሲረጋ ከሚሠራው ክር መሰል ፕሮቲን) ጋር ቁስል ላይ ረጨው። ታማሚዎቹ ጥቂት ናቸው። አንድ ነገር ግን እስከዛሬ እንጠቀምበታለን፦ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴል ያረፈበት ቁስል የበለጠ ጠበበ። መጠንና ውጤት ተያያዙ።

በ2019 የኮሪያው ወጣ። ከሌላ ሰው ስብ የተወሰደ ሴል፣ በሃይድሮጄል አንሶላ ላይ ተደርጎ። 59 ሰው ተመደበ፤ 30 ሴል፣ 29 ፖሊዩሪቴን ፊልም። በ12ኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ የተዘጋው 82 በመቶ ለ53 በመቶ፤ ለመዝጋት የወሰደው መካከለኛ ጊዜ (ሚዲያን) 28.5 ቀን ለ63 ቀን። ቁጥሩ ያጓጓል። ግን ሁለት ነገር አያይዙበት። አንደኛ፣ ከ30 ሰው 82 በመቶ አይወጣም፦ 24 ቢድኑ 80፣ 25 ቢድኑ 83 ነው። ከ29ም 53 አይወጣም። መቶኛው የተሰላው ከተመደቡት ሁሉ ላይ እንዳልሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ ያቋረጡት ወጥተዋል። ሁለተኛ፣ ማነጻጸሪያው ፊልም እንጂ ሴል የሌለው ያው ሃይድሮጄል አይደለም። እርጥብ ሃይድሮጄል በራሱ ቁስል ይረዳል። ስለዚህ የጄሉ ድርሻና የሴሉ ድርሻ አልተለዩም።

ዓለም አቀፉ የስኳር እግር ቡድን በ2023 ባወጣው የቁስል መመሪያ ላይ የሴል ሕክምናን ለተለመደ ሥራ አልመከረም፤ አንድ ብቻ ለይቷል፣ እሱን ላብራቶሪ ላይ ያላችሁ ትጽፉታላችሁ።

---

መድኃኒት_ቤት

አንድ ተግባራዊ ጥያቄ። እንበልና አንድ ጥናት ጸድቆ ሴሉ በበረዶ ወደ ሐዋሳ ሊመጣ ነው። እኛ ጋ እስከ ቁስሉ ጠርዝ ድረስ ምን ምን ይበላሻል? ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መያዝ እንኳ መብራት ሲጠፋ ስንት ጣጣ አለው።

---

ሴል_ባህል

ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው፤ ረዘም ብዬ ልመልስ።

ሴሉ 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ (ሴሉን ከበረዶ ጉዳት የሚጠብቅ ኬሚካል) ባለው ፈሳሽ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየቀዘቀዘ በረዶ ይሆንና በናይትሮጅን ትነት ውስጥ ከ150 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል። ፈሳሽ ናይትሮጅንን አገራችን የሚያውቀው ከኮርማ ዘር ጋር ነው፤ የከብት አዳቃዮቹ ታንክ ይሸከማሉ። የሴል ማጓጓዣው ግን ሌላ ነው። «ደረቅ ማጓጓዣ» ይባላል፤ ናይትሮጅኑ በግድግዳው ስፖንጅ ውስጥ ተመጥጦ ስለሚቀመጥ አይፈስም፤ ቆሞ ከተጓዘ 10 ቀን ገደማ ይይዛል። በጎኑ ከተኛ ግን ያ ጊዜ ክፉኛ ያጥራል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ርቀቱ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሣጥኑ መኪና ኋላ ተጋድሞ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ሙቀት መዝጋቢ ውስጡ ይኑር፤ ሲደርስ መዝገቡ ሳይነበብ ሴሉ አይውጣ። ደረቅ በረዶ 78 ዲግሪ ከዜሮ በታች ብቻ ስለሆነ ለረጅም ማቆያ አይበቃም። በዚያ ሙቀት በረዶ ክሪስታል ቀስ እያለ ይለወጥና ሴሉን ይቀዳል።

ማቅለጥ፦ ጠርሙሷ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ፣ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ፣ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል በረዶ ሲቀር ይውጣ። ክዳኑ ውሃ አይንካ፤ ብክለት የሚገባው በዚያ ነው። ማቅለጫ ፈሳሹ ጠብ ጠብ እያለ ይጨመር፤ በአንዴ ከተገለበጠ ውሃ ወደ ሴሉ ይሮጥና ያፈነዳዋል። ከቀለጠ በኋላ ዲኤምኤስኦው በክፍል ሙቀት ስለሚመርዝ ሰዓቱ ይቆጠራል።

ሒሳቡ፦ ቁስሉ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ሕያው ሴል ከተባለ 6 ሚሊዮን ያስፈልጋል። በትራይፓን ብሉ (የሞተውን ሴል ብቻ በሚያቀልም ቀለም) ስትቆጥሩ 70 በመቶው ሕያው ከሆነ 6 ለ0.7 ሲካፈል 8.6 ሚሊዮን። መርፌና ሲሪንጅ ውስጥ 10 በመቶ ይቀራል፤ 9.5 ሚሊዮን። ጠርሙሷ በሚሊ ሊትር 5 ሚሊዮን ከያዘች 1.9 ሚሊ ሊትር ትቀዳላችሁ። ብዙ ጥናት ላይ የሚጻፈው የተቀዳው ነው፤ ሕያው የሆነው ስንት እንደነበር አይጻፍም። ሲሪንጁን ከመስጠት በፊት ቀስ ብላችሁ ገልብጡት፤ ሴል በ10 ደቂቃ ውስጥ ታች ይዘቅጣል፤ ካልተገለበጠ የመጀመሪያዋ ጠብታ ባዶ፣ የመጨረሻዋ ዝልግልግ ትሆናለች። በጠባብ መርፌ በኃይል አትግፉ፤ ግፊቱ የሴሉን ሽፋን ይቀዳል።

አሁን ዋናው ስህተት። ቁስሉ በቤታዲን ወይም በሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ታጥቦ ወዲያው ሴል ከተደረገበት ሴሉ ይሞታል። ሲልቨር ያለበት ድሬሲንግም እንዲሁ። እነዚህ ጀርሙንና ሴሉን አይለዩም። በሳላይን ብዙ ጊዜ ይታጠብ፤ ሲልቨር ድሬሲንግ ቀደም ብሎ ይቁም። የተለከፈ (ኢንፌክሽን የገባበት) ቁስል ላይ ደግሞ ጭራሹን አይደረግም። ሴሉ መጠነኛ ፀረ ጀርም ፕሮቲን ያመነጫል፤ ለመግል ግን አይበቃም።

መልቀቂያ ወረቀቱ ላይ ሳታዩ የማትቀበሉት፦ የጀርም ምርመራ፣ የማይኮፕላዝማ ምርመራ፣ የኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) መጠን፣ ስንተኛ ምልልስ (ሴሉ ተባዝቶ ወደ አዲስ ዕቃ የተዛወረበት ዙር) ላይ እንደሆነ። ከ5ኛ ምልልስ ያለፈ ሴል እያረጀ ነው። ያደገበት ፈሳሽ የጥጃ ሴረም ነው ወይስ የሰው ፕላትሌት? በፕላትሌት ከሆነ ሄፓሪን (መርጋት የሚከለክል መድኃኒት) ሳይጨመርበት ጄል ይሆናል፤ ያ ሄፓሪን መታጠቡም ይጠየቅ።

---

ጄሶ

ሁላችሁም ስለ ሴል ስትጽፉ የእኔን ቦታ ዘለላችሁት፤ ሲስተር መጀመሪያ ላይ ከጠቀሰችው በቀር። እግሩ ከተረገጠ ምንም ሴል ዋጋ የለውም። ባልታረሰ ማሳ ላይ ምርጥ ዘር መበተን ነው።

የእግር መዳፍ ላይ ያለ የነርቭ ቁስል የመጀመሪያ ሕክምናው እስከ ጉልበት የሚደርስ የማይወለቅ ጫና ማንሻ ነው፤ አንዱ ዓይነት እግሩን ሙሉ በሙሉ ተላጥፎ የሚሠራ ጄሶ ነው። ለምን የማይወለቅ? ሰው ጫማውን ቤት ውስጥ ያወልቃል፤ ስለማይሰማውም ይረግጣል። ለመሥራት ታማሚው በሆዱ ይተኛል፣ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ቁርጭምጭሚቱም 90። ቁስሉ ላይ ስስ ጎዝ፣ በጣቶች መካከል ጥጥ፣ በቁርጭምጭሚት አጥንትና በባት ፊት አጥንት ላይ ስፖንጅ። የመጀመሪያው ሽፋን ሳይወጠር ይጠቀለላል፤ ሳይደርቅ በጣት ከተጫነ ጉድጓድ ይቀርና አዲስ ቁስል ያወጣል። የመጀመሪያው ጄሶ በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል ይቀየር፤ እብጠቱ ሲወርድ ይላላና ይፈገፍጋል። ከዚያ በየሳምንቱ።

ለማን አይደረግም? መጠነኛ ልክፈትና መጠነኛ የደም እጥረት አብረው ላሉበት ሰው የሚወለቅ ይሻላል፤ ቁስሉ በየቀኑ መታየት አለበት። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከባድ ከሆነ አስቀድሞ እሱ ይታከም። የብረት መፈተሻ ቁስሉ ውስጥ አስገብታችሁ አጥንት ከነካ የአጥንት ልክፈት ጠርጥሩ፤ ራጅ ይነሣ፣ ኢኤስአርም (ቀይ የደም ሴል የሚዘቅጥበትን ፍጥነት የሚለካ የደም ምርመራ) ይታይ፤ ከ70 በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዲህ ያለ እግር የሴል ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም። ገብቶም ካልዳነ በሴሉ ማመካኘት አይቻልም።

---

አሞራ_ገደል

ይቅርታ፣ ርዕሱን ላስቀይር አይደለም፤ ግን የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ቆዳ ለቁስል ይሆናል ሲባል ይሰማል። ብራዚል በዓሣ ቆዳ ያክማሉ ይላሉ። እውነት ነው?

---

ቁስል_ክፍል

ጥያቄው ከርዕሱ አልራቀም፤ ሴሉ መልእክት ይልካል፣ የዓሣ ቆዳው ደግሞ ለቁስሉ ጊዜያዊ መዋቅር ይሰጣል፤ የሁለቱም ዓላማ ቁስሉን መዝጋት ነው። ብራዚል ውስጥ ፎርታሌዛ ላይ የቲላፒያ ቆዳ የተጠናው ለቃጠሎ ነው፤ ቆዳው በክሎርሄክሲዲን ይታጠባል፣ በግሊሰሮል ይጠበቃል፣ በጋማ ጨረር ይጸዳል። ለስኳር ቁስል ማስረጃ ያለው የአይስላንድ ኮድ ዓሣ ቆዳ ነው፤ ሴሉ ተነሥቶለት ደርቆ የተዘጋጀ። በ2024 በታተመ የ255 ሰው ጥናት ጥልቅ የስኳር ቁስል በ16ኛው ሳምንት የዳነው 44 በመቶ ለ26 በመቶ ነበር።

ከሐይቁ የወጣ ጥሬ ቆዳ ግን ፈጽሞ አይነካው። የውሃ ባክቴሪያ ደም ባጠረው እግር ላይ ከገባ በሰዓታት እግር ያሳጣል። እባካችሁ ይህን ለሰፈር ሰው ንገሩ። ማርም እንዲሁ፦ ጥሬ ማር የባክቴሪያ ስፖር ሊይዝ ይችላል፤ የ2023ቱ መመሪያም ለስኳር ቁስል ማዳኛ ብሎ አልመከረውም።

---

ላብራቶሪ_ሐዋሳ

ሲስተር «አንድ ብቻ ለይቷል» ያለችው የራስን ነጭ የደም ሴል፣ ፕላትሌትና ፋይብሪን አንድ ላይ የያዘው ንጣፍ ነው። ስቴም ሴል አይደለም፤ ግን የራስ ሴል ሕክምና ነው፤ ለእኛ ከተማም የሚቀርበው እሱ ነው። እንግሊዝ፣ ዴንማርክና ስዊድን ውስጥ 32 ማዕከላት ላይ ተጠንቶ በ2018 ታተመ። ከ18 ሚሊ ሊትር የራስ ደም በየሳምንቱ ይሠራል። በ20 ሳምንት የዳኑት ንጣፉን ካገኙት ከ132 ውስጥ 45 (34 በመቶ)፣ በተለመደው እንክብካቤ ብቻ ከ134 ውስጥ 29 (22 በመቶ)። ከዚያ በፊት ሁሉም ለ4 ሳምንት በደንብ ታክመው ቶሎ እየዳነ ያለ ቁስል እንዲወጣ ተደርጓል። ለዚህ ነው መቶኛው ከኮሪያው ያነሰው፤ ይህኛው እምቢተኛ ቁስል ላይ ነው የተፈተነው።

ያ ንጣፍ የራሱ መሣሪያ አለው። ጥርስ ሐኪሞች የሚሠሩት ፋይብሪን ቅርብ ዘመዱ ነው፤ አንድ አይደለም። ለምርምር መነሻ ግን ይሆናል፦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር የሌለበት ቱቦ፣ 9 ወይም 10 ሚሊ ሊትር ደም፣ ወዲያው ሴንትሪፉጅ፣ 400 ጂ (የምድር ስበት 400 እጥፍ) ገደማ፣ 12 ደቂቃ። የሚበላሸው እዚህ ነው፦

ቁጥሩን በዙር ማንበብ። 2700 ዙር ብሎ ጽፎ ማለፍ ትርጉም የለውም። ጂ የሚገኘው 0.00001118 በራዲየሱ በሴንቲ ሜትር፣ በዙሩ ካሬ ሲባዛ ነው። ራዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 2000 ዙር 447 ጂ ነው። ራዲየሱ 16 ከሆነ ያው 2000 ዙር 716 ጂ ይሆናል። ማስመሪያ አምጡና ከመሃሉ ዘንግ እስከ ቱቦው ታች ለኩ።

መዘግየት። ደሙ ከተቀዳ በ90 ሰከንድ ውስጥ ካልዞረ መርጋት ይጀምርና ፋይብሪኑ ሳይለይ ይበታተናል። ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ኢዲቲኤ ስላለበት ከቶ አይረጋም። ዋርፋሪን ወይም ሄፓሪን የሚወስድ ሰው ደምም ይዘገያል።

እና እንዳይምታታ፦ በመርፌ የሚሰጠው ተራ የፕላትሌት ፈሳሽ በዚያው መመሪያ አልተመከረም።

---

መድኃኒት_ቤት

ሦስተኛውን መንገድ ማንም አላነሣም። ኤክሶዞም የሚሸጡ ሰዎች በቴሌግራም ብዙ ናቸው።

---

ሴል_ባህል

ኤክሶዞም ሴሉ የሚለቃት ከ30 እስከ 150 ናኖ ሜትር የምትሆን ከረጢት ናት፤ ውስጧ ማይክሮ አርኤንኤና ፕሮቲን አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፦ ሕያው ስላልሆነች አትሞትም፣ አትባዛም፣ ሃይድሮጄል ውስጥ ትገባለች። በአይጥ ላይ ብዙ ሥራ አለ። ቀሪው ችግር መለካት ነው። አንዱ ላብራቶሪ በቅንጣት ቁጥር፣ ሌላው በማይክሮግራም ፕሮቲን ይጽፋል፤ የሴረም ቅንጣት ከኤክሶዞም ጋር አብሮ ይቆጠራል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2019 ዲሴምበር ስለ ኤክሶዞም የደህንነት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ያጸደቀውም ምርት የለም። ለሜሰንካይማል ሴል ራሱም የመጀመሪያውን ፈቃድ የሰጠው በ2024 ዲሴምበር ነው፤ እሱም ለልጆች የመቅኔ ንቅለ ተከላ ጠንቅ እንጂ ለቁስል አይደለም።

ስለዚህ «ለእግር ቁስል የጸደቀ ስቴም ሴል አለን» የሚል ሻጭ ሲመጣ ፈቃዱን፣ የባች ቁጥሩን፣ ሕያው የሴል ቁጥሩን፣ የጀርም ምርመራ ውጤቱን በጽሑፍ ጠይቁ። አገራችን ላይ ክሊኒካዊ ሙከራ ያለ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አይካሄድም፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) አንብቡ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ይቀድማል፣ ኬፕታውን ያለው የአፍሪካ የሙከራ መዝገብ ላይም ይመዘገባል። ጥናት ውስጥ የሚገባ ታማሚ ለሴሉ ገንዘብ አይከፍልም። «ጥናት ነው፣ ይክፈሉ» ካሉ ጥናት አይደለም።

---

ደም_ሥር

እዚህ ከተማ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፣ ታማሚም አለ። ጥናት ቢታሰብ ስንት ሰው ይፈልጋል? ላብራቶሪ_ሐዋሳ የጻፍከውን 34 ለ22 ይዘን እናስላ፦ በ80 በመቶ አቅምና (ልዩነቱ ካለ የማየት ዕድል) በ5 በመቶ ስህተት (ልዩነት ሳይኖር አለ የማለት ዕድል) በእያንዳንዱ ጎን 216 ሰው ገደማ። የኮሪያውን 82 ለ53 ካመንን 37 ሰው ይበቃል። ትንሹን ቁጥር ወድደን ብንጀምርና እውነተኛው ልዩነት 12 ነጥብ ቢሆን፣ ሥራው ሁሉ አልፎ «ልዩነት አላየንም» ብለን እንቀራለን፤ ሴሉ ይሥራ አይሥራ ሳይታወቅ። ትልቁን መያዝ ነው፤ ለብቻ ካልተቻለ ከአዳማና ከጅማ ጋር።

---

ቁስል_ክፍል

እስማማለሁ፤ ግን 216ቱ ከመምጣታቸው በፊት የቁስል መለኪያችን አንድ ይሁን። ርዝመት በስፋት ማባዛት ክብ ቁስልን ያጋንናል፦ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር 9 ያስብላል፤ ክብ ከሆነ ግን 7.1 ነው። የተጸዳ ግልጽ ፕላስቲክ ሁለት ንጣፍ ይደረግ፤ በላይኛው ላይ በቀጭን እስክሪብቶ ጠርዙ ይከተላል፣ የታችኛው ይጣላል፣ የላይኛው ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ተቀምጦ ካሬዎቹ ይቆጠራሉ። ከግማሽ በላይ የተሸፈነ ካሬ ይቆጠር፣ ያነሰው ይተው። ሁልጊዜ የሞተው ሥጋና ጠርዙ ላይ ያለው ድድር ቆዳ ከተጠረገ በኋላ ይሁን፤ ከመጠረጉ በፊት የተለካው ሁልጊዜ ያነሰ ይመስላልና በሳምንቱ «ሰፋ» ያሰኛል።

በ4 ሳምንት በግማሽ ያልጠበበ ቁስል በ12 ሳምንት የመዳን ዕድሉ ትንሽ ነው። ለጥናት የሚታጨው እሱ ነው፤ ጄሶው ተደርጎ፣ ደሙ ተለክቶ፣ ልክፈቱ ታክሞ እያለ ካልጠበበ። የ1ኛውን ቀንና የ28ኛውን ቀን ፕላስቲክ በታማሚው ካርድ ውስጥ ስፌት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መጀመር ይቻላል፤ የሚያስፈልገው ፕላስቲክ፣ እስክሪብቶና ካሬ ወረቀት ነው።

---

ጄሶ

ፕላስቲኩ ላይ የተረከዙን አቅጣጫ በቀስት ምልክት አድርጉበት፣ ቀኑንም ጻፉ። አለዚያ በ28ኛው ቀን ሁለቱን ስትደርቡ የትኛው ወገን እንደጠበበ አይታወቅም፤ እኔ ጄሶውን የት ጋ ማላላት እንዳለብኝ የሚነግረኝ ያ ወገን ነው።